የሠርጌ ትራፍል

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ላገባ ነው! ሰላምታው ይቆየን፣ ደብተሬ፤ ድስት እሳት ላይ ነው። ጌ. ትናንት ቁርጡን ተናገረ። ጥር ላይ! ጌ. ማለት ጌታቸው፣ ጎባ መንገድ ላይ መኪና የሚጠግነው። እሱ ሃምሳ ሦስት፣ እኔ አርባ ስምንት። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት። የእኔ ጊዜ ደግሞ እናቴን ሳስታምም ሄደ። የሮቤ ሰው «ቆማ ቀረች» ብሎኝ ነበር። ይኸው! የቆመ ሰው ለመሄድ ይቀርበዋል።

ስልባቦቱ ጠርዝ ጠርዙን አረፋ ሲጀምር ማውረድ። አይፈላም። ቸኮላቱን በቢላ ደቀቅ አድርጌዋለሁ፣ ጌ. ነው ከአዲስ አበባ ያመጣው፣ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ። ትኩሱን ስልባቦት ላዩ ላይ ማፍሰስ። አለመንካት። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያሉ ማማሰል። ሲረጋ በእጅ ማድቦልቦል። ስሙ ትራፍል ነው።

ድሮ በምሠራበት እንግዳ ማረፊያ፣ ወደ ተራራው የምትወጣ አንዲት ፈረንጅ አንዷን ሰጠችኝ። አፌ ውስጥ ሟሟች። በሠርጌ ቀን ለሰው ሁሉ ይሄን ነው የማቀርበው አልኩ። ሠርጉ የት አለና? ያኔ ራሴው ነበርኩ የሳቅኩት።

አንድ ችግር አለ። የነቢያት ጾም ነው። ስልባቦትና ቅቤ ያለበትን ነገር አልቀምስ። በጭፍን ነው የምሠራው።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ምላስ ተበደርኩ! ሐሊማ፣ ፊት ለፊቴ ያለችው ባለሱቅ፣ ልጅነታችን አንድ ላይ ነው። እሷ አትጾምም የእኛን፤ ጾሟ ሲመጣ እኔ ወጧን እቀምስላታለሁ፣ ዛሬ ተራዋ ነው። መጀመሪያ «ባጋ ገመዴ!» ብላ አቀፈችኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከዚያ አንዷን ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ አኘከች።

«ያ ረቢ! አንቺ፣ ይሄ ጭኮ ነው እንጂ ቸኮላት አይደለም!»

አሃ። ቅቤው! አሠራሩ የተጻፈበት ወረቀት ላይ «ቅቤ ጨምሩ» ይላል፣ እኔ ቅቤ ሲባል የማውቀው ማሰሮ ውስጥ ያለውን ነው። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረውን። ለጋውን ማለቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? ሐ. ሆዷን ይዛ ሳቀች። የተቆላ የገብስ ዱቄት ብጨምርበት ለአራስ የሚላክ የባሌ ጭኮ ይወጣዋል አለች። እኔም ሳቅኩ። አፈርኩ። እንደገና ሳቅኩ።

ግን ሁለተኛዋን ለምን አነሳች?

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ዛሬ በለጋ ቅቤ። ኮረሪማውን ግን አልተውኩም፣ ቁንጥር ብቻ፣ ስልባቦቱ ውስጥ። መጠቅለያ የካካዎ ዱቄት አለቀብኝ፣ ሐ. ሱቅም የለም። በሶ አየሁ። ለምን አይሆንም? የባሌ ገብስ ነው፣ ምን ያንሰዋል! በሶ ላይ አንከባለልኳቸው። ሐሊማ አራት በላች። አምስተኛዋ «ለማረጋገጥ» ነች።

ፍሪጅ አያሻም። የሮቤ መስኮት ይበቃል፤ ከፍቼ አስቀመጥኩ፣ ረጋ።

እጄ ነው የቸገረኝ። ትኩስ ነው፣ ከማድቦለቡለው የማቀልጠው ይበዛል። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ ማድረቅ፣ ሁለት መሥራት፣ መንከር።

ከቀኑ 9 ሰ. ጋሼ ታደሰ ደወሉ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጎባ ናቸው፤ አባታችን ካረፈ በኋላ በአባት ቦታ ያሉት እሳቸው ናቸው። መልካም ነው አሉ። ከዚያ «ግን» መጣ። በዚህ ዕድሜ ድንኳን ምን ይባላል፣ ሰው ምን ይላል፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርሞ ቀስ ብሎ ቤት መግባት ነው። ቀስ ብሎ! ሌባ ነኝ እንዴ? አላልኳቸውም። «እሺ ጋሼ፣ እናያለን» አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ለምጣዱም ለድስቱም ነገርኳቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ቀመስኩ!! የመጀመሪያዬ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ። በሶው ይቀድማል፣ ደረቅ፣ የቆሎ ሽታ። ከዚያ ቸኮላቱ ይለቃል። ኮረሪማዋ መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሮ አጠገብ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ!

አንድ ካርቶን ይዤ ጎባ ሄድኩ፣ ለጋሼ እንኳን አደረሰዎ ልል። መሄዴ ደግ አልነበረም።

ምንድነው ይሄ አሉ። ትራፍል ነው፣ ለሠርጉ። «ምን? ትራፊ?» አይ ጋሼ፣ ትራፍል። አልለቀቁኝም። ለእንግዳ ትራፊ የሚያቀርብ ቤት አይተው አያውቁም። ድሮስ፣ አሉ፣ ሙሽራው የሞት ትራፊ፣ ሙሽሪት የገበያ ትራፊ፣ ምግቡም ይመሳሰል እንጂ። ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ።

ከአርባ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን መልሼላቸው አላውቅም። ዛሬ መለስኩ። ተቀምጬ፣ ድምፄን ሳላነሳ።

«ጋሼ፣ ትራፊ ማለት ሰው በልቶ የተወው ነው። እኔን ማን በላኝ? እሱ ሚስቱን ቀበረ፣ ልጆቹን አሳደገ፣ ተረፈ። እኔ እናታችንን ዐሥራ አንድ ዓመት አገላበጥኩ፣ ቀበርኩ፣ ተረፍኩ። የተረፈ ሰው ነው የሚጋባው። ያልተረፈማ መቃብር ነው ያለው።»

ጋሼ መስኮቱን አዩ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ ከጎባ ሮቤ ስንት ነውና።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ጻፊው፣ ጻፊው፣ ካልጻፍሽው ያፈነዳሻል። ጌ. መጣ። አንገቱን ደፍቶ። ጋሼ ጋራዡ ድረስ ሄደው ነበር። አግባብተውታል። እሱም እሺ ብሏቸዋል! ፊርማ፣ ሁለት ምስክር፣ በቃ። ሰላም ይሻላል አለኝ። የማን ሰላም? አልኩት።

አፍሮብኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። አይደለም አለ። ታዲያ? ታላቅ ወንድምሽ ናቸው፣ ሳይመርቁሽ እንዳትገቢ ብዬ ነው አለ። ውሸት አይመስልም። ግን አልማርኩትም። እኔ ተደብቄ እስካሁን የኖርኩት በቂ ነው፤ በድብቅ የምትገባ ሚስት ከፈለግህ ሌላ ፈልግ አልኩት። አጎንብሶ ወጣ። ጫማው በር ላይ ተደናቀፈ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

ጌ. ያጠለቀልኝ ቀለበት ጣቴ ላይ ነው። አወልቀው ይሆን? እጄን በውኃ ስነክር እንኳ አላወለቅኩትም።

ጥር 3፣ እሑድ፣ ጠዋት

አንድ ዙር ልሠራ ተነሳሁ። ለማን? አላውቅም። ለመሥራት። ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀስ።

3 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጌ. ሰላም አላለም። ትናንት አመሻሽ ጎባ ሄዶ ነበር። ጋሼ ፊት ቆሞ ቃሌን አንስቻለሁ ብሏቸዋል፤ ከእኔ ጋር የሚገባው በድንኳን ነው፣ በጭብጨባ ነው ብሏቸዋል። ጋሼስ? ተቆጡ። እንግዲህ እኔ የለሁበትም አሉ። በቃ? በቃ።

ድስቱን አየ። እጁን ሳሙና ፈልጎ ታጠበ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ የግራሶውን ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር እያወጣ። ከዚያ ሳይጠይቀኝ አንዷን አንስቶ ማድቦልቦል ጀመረ። አልቀለጠችም! እጁ በረዶ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ብረት ሲይዝ የኖረ እጅ። እኔ አንዷን ሳቀልጥ እሱ ሦስት ጨረሰ። ክብ፣ እንደ ኩሽኔታ ብይ።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ውኃ ውስጥ የነከርኩት በከንቱ ነው! አልኩት። «አልጠየቅሽኝማ» አለኝ። የዛሬ ሙሽራ!

ሐሊማ ሳቃችንን ከሱቋ ሰምታ መጣች። በሶው ላይ እሷ ታንከባልላለች። የሠርጉ ሥጋ እንደ ልማዱ ለሁለት ይታረዳል፣ የእኛ ለብቻ፣ የእነሱ ለብቻ፣ ወጡም ለየድስቱ። ትራፍሉ ግን አንድ ሳህን ነው አለች፣ እስላም ክርስቲያኑ እጁን የሚሰድበት። «እኔና አንቺ ፎቶ የምንነሳው እሱ ሳህን ላይ ነው» አለች። ኧረ ትእዛዝ!

ጥር 4፣ ሰኞ

እትዬ አልማዝ ደወሉ፣ በሹክሹክታ። ጋሼ አሁንም ተኮሳትረዋል። ካርቶኑን ግን እትዬ ራሳቸው ለጎረቤት ሰጥተዋል፣ ጎረቤት ደግሞ ስንት ሰው እንደሚጠራ ጠይቋል። ሁሉም ነው አልኩ። እትዬ ይመጣሉ፣ ጋሼ ቢቀሩም። ጋሼ ቢመጡ የአባት ወንበር ከፊት ነው። ባይመጡ የሐሊማ ባል ሐጂ ይቀመጡበታል፣ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ ብለዋል። ወንበር ባዶ አይውልም።

ድንኳኑን ዛሬ ተነጋገርኩ። ትልቁን ነው ያልኩት። ጥሪ ካርድ አላሳትምም፣ አፍ ለምን ተፈጠረ! ሐሊማ ሱቅ ለገባ ሁሉ ትነግራለች። ከሪራ ለሚመጡት ማር ነጋዴዎች ነግሬያለሁ፣ ለሚኒባሱ ረዳት ነግሬያለሁ፤ በየፌርማታው ይጥራው።

አንቺም ስሚ ደብተሬ፣ የሚያነብሽም ይስማ። እሑድ፣ ጥር 17፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ሮቤ፣ የእኔ ግቢ፣ በር ሳይንኳኳ። «ቆማ ቀረች» ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ እናንተ፣ አንድም ሰው እንዳይቀር!