ዳማ አልጣለኝም

ሰኞ

ልጄ ታደሰ ፈረሴን ሸጠብኝ። ሳያማክረኝ፣ እኔ አንገቴን ታስሬ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለሁ፣ ለገሰራ ከተማ ሰው ሸጠው። ማንም እንዳያለሳልሰው በራሴ እጅ ጽፌ አስቀምጣለሁ።

ዛሬ ወደ ቤት መለሱኝ። በረቱ ባዶ ነው። ኮርቻው ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። «ፈረሱስ?» አልኩ። ታደሰ ጫማውን እያየ «አባባ፣ የጣለዎትን ፈረስ ቆሜ ልቀልብልዎ?» አለ። ሚስቱ አልማዝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዳማ አልጣለኝም። የስንዴውን አጨዳ ለማየት ሄጄ ነበር። የኮምባይነሩ ሹፌር ከላይ ሆኖ «አባ ዳማ! አካም ጂርታ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ሲለኝ ቀና አልኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው መሬት ላይ መሆኔን ነው። መሃሉን አላውቀውም። ፈረሱ ግን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ኮቴውን እንኳ አላነሳም። ሰዉ «በኮምባይነሩ ድምፅ በርግጎ ጣላቸው» ብሎ ፈረደበት። ከበረገገ ለምን አልሸሸም? 

እዚህ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። የክርስትና ስሜን የሚያውቁት ቄሱና ግብር ሰብሳቢው ናቸው። ልጄ የሸጠው ፈረስ ብቻ አይደለም።

ማክሰኞ

ሮቤ ሆስፒታል ራጅ ያነሳኝ ሐኪም ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «በላይኛው የአንገት አጥንት ላይ ክፍተት ይታያል። ስብራት ይሁን ሌላ ነገር፣ ጎባ ሆስፒታል በሲቲ ስካን ይታይ። እስከዚያ አንገታቸው እንዳይንቀሳቀስ» ነው ያለው። ታደሰ ከክፍሉ እንደወጣ ለጎረቤታችን በስልክ «ሞርሚሳ ጨቤ» አለ። አንገቱ ተሰበረ ማለቱ ነው። ክፍተት ከበሩ እስኪወጣ ስብራት ሆነ። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ፤ ፈረሴም ተሸጠ። በሩ ክፍት ነው ማለት በሩ ተሰበረ ማለት ነው እንዴ?

ዝም ብዬ አልቀረሁም። አልማዝን ልኬ ከሉካንዳ የበግ አንገት አስመጣሁ። ሥጋውን እነሱ በሉ፤ ላይኛውን አጥንት እኔ ፍቄ አጠብኩት። ቀለበት ነው። ግራና ቀኝ ክንፍ አለው፤ ራስ ቅሉ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ እርካብ ጎድጎድ ያለ ነው። ብዙ አየሁት። ቀለበት በአንድ በኩል ብቻ አይሰበርም፤ አንዱ ቦታ ሲለቅ ሌላውም ይለቃል። ሐኪሙ ያለው አንድ ክፍተት ነው። ስለዚህ አልተሰበረም። የአንገት ማሰሪያውን ፈትቼ ወረወርኩት።

ታደሰ «አባባ፣ እርስዎ እኮ በግ አይደሉም» አለ።

«ንብረቴን ሳትጠይቀኝ ስትሸጥ በግ አድርገኸኛል» አልኩት።

ራቱን ሳይበላ ወጣ። ይውጣ።

ረቡዕ

ጠዋት ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ተቀመጥኩ። አገጬን ከፍ ሳደርግ ከትከሻዬ እስከ ጣቶቼ ጉንዳን ወረረኝ። ምላጩ ከእጄ ወደቀ። እግሮቼም የሌላ ሰው ሆኑ። አገጬን ሳወርድ ሁሉም ተመለሰ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው።

ያን ጊዜ መሃሉ ትዝ አለኝ። ሹፌሩ ጠራኝ፣ ቀና አልኩ፣ የልጓሙ ዛብ ከጣቶቼ ሾለከ። ዳማ ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ የወደቅሁት።

ማሰሪያውን ከአልጋው ሥር ፈልጌ አጠለቅሁት። አልማዝ አይታ «እንኳን ልብ ገዙ አባባ» አለች።  ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ፈረሱ ነፃ ይወጣል፤ እኔን ግን ሁለተኛ ኮርቻ ላይ የሚያወጣኝ የለም። ዝም ብል ደግሞ ጎባ ደህና ነዎት ብለው ይለቁኝ ይሆናል፤ ገሰራ ሄጄ ፈረሴን አስመልሳለሁ።

ፊቴ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ አልተላጨም። እንዲሁ ዋልኩ።

ሐሙስ

ከገሰራ ገብስ ይዞ የመጣ ሰው ቤት ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። እግዜር ይማርዎት ካለኝ በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ ዳማን የገዛው ከድር ጋሪ ላይ እንዳሰረው ነገረኝ። ጤፍና ድንጋይ ያመላልስበታል።

«ዳማ ጋሪ አያውቅም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያድርገው? የሚጥል ፈረስ ነው ተብሎ ነው የተሸጠለት። የሚጥል ፈረስ ላይ ማን ይወጣል?»

ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱን አላየሁም፤ ማሰሪያው አያዞረኝም።

እንቅልፍ የለም።

ዓርብ

ጎባ ሄድን። ሚኒባስ ውስጥ ታደሰ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ትከሻዬን ይይዛል። «ልቀቀኝ» አልኩት። አልለቀቀኝም።

ሲቲ ስካኑን ያየችው ሐኪም ወጣት ናት፤ በአነጋገሯ ከሰሜን የመጣች ትመስላለች። «አባቴ፣ አልተሰበሩም» አለች። ወደ ታደሰ ዞርኩ፤ በሙሉ ሰውነቴ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ጠርዙ ለስላሳና ክብ ነው፤ አዲስ ስብራት ቢሆን ሻካራ ይሆን ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የቀለበቱ የኋላ ክፍል በግራም በቀኝም አልሞላም፤ መሃል ላይ አንዲት ቁራጭ አጥንት ብቻዋን ቀርታለች። ራጁ አንዱን ክፍተት ብቻ ነው ያሳየው።

የበጉን አጥንት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። ሳቀች፤ በክፉ አልነበረም። በእስክሪብቶ የኋላውን ቅስት እያሳየች «የበጉ ሙሉ ነው። የእርስዎ ከዚህ እስከዚህ የለም፤ ይህችኛዋ ብቻ አለች» አለችኝ። ይህ አጥንት በሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አለች። አንዱ ከኋላ ስስ ክፍተት ይኖረዋል፤ አንዱ የደም ሥሩ በሚያልፍበት ላይ የአጥንት ድልድይ ያበቅላል። ብዙው ሰው ሳያውቀው ኖሮ ይሞታል።

«እኔም ሳላውቀው ኖሬአለሁ» አልኩ።

«ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ራስዎን ወደ ኋላ ቀና ሲያደርጉ እጅዎን ይደነዝዝዎታል?»

ታደሰ አየኝ።  አንድ ቃል ነው፤ «የለም» ብል ማን ያውቅብኛል? ዳማ ድንጋይ ሲጎትት ታየኝ።

«አዎ» አልኩ። «እግሬንም። የወደቅሁ ዕለትም ይኸው ነበር። ፈረሱ አልጣለኝም።»

ቀና ስል ያች ብቸኛ ቁራጭ ወደ ውስጥ ገብታ ዋናውን ነርቭ ትነካለች አለች። ቁራጯን የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ አለ፤ አሁን አያስቸኩልም፤ ግን ድንዛዜው ቀና ሳልል ከመጣ ወይም እግሬ ከከዳኝ በዚያው ቀን መምጣት አለብኝ። ከባድ አልሸከምም፤ ቀና ብዬ አልይም።

«ፈረስስ?» አላት ታደሰ። እኔ አልጠየቅኋትም።

«ፈረስ ይቅር። ሌላ ጊዜ ቢወድቁ እጅና እግራቸው ላይታዘዝላቸው ይችላል።»

 ሮቤ ስንደርስ ታደሰ «አባባ፣ እጅዎ እንደሚደነዝዝ ለምን አልነገሩኝም?» አለ። «አንተስ ፈረሴን እንደምትሸጥ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።  «ፈራሁ። ተመልሰው እንደሚወጡበት አውቃለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ እወጣበት ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ቅዳሜ

ኮርቻውን አውርድ አልኩት። ታደሰ ያለ ጥያቄ አወረደው፤ ተሸክሞት ገሰራ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ማሰሪያዬ አንገቴ ላይ ነው።

ከድርን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘነው። ዳማ ከጋሪው ጋር ቆሟል። አንገቱን ቀበቶው ልጦታል። ሲያየኝ ጆሮውን አቆመ። አልጠጋሁትም፤ ብጠጋው የመጣሁበትን አልናገርም ነበር።

«ከድር፣ ይህ ፈረስ አልጣለኝም» አልኩ። ጎረቤቶቹ ቆመው ይሰማሉ። በአማርኛ ጀምሬ፣ ሁሉም እንዲገባው በኦሮምኛ ደገምኩት። «የጎደለው እኔ ነኝ። ስፈጠር አንገቴ ላይ አጥንት ጎድሎኛል። ቀና ስል እጄ ይሞታል። እኔ ለቀቅኩት እንጂ እሱ አልጣለኝም።»

በዕድሜዬ ሁሉ በሰው ፊት ጎደለኝ ብዬ አላውቅም።

ከድር ጢሙን ዳሰሰ። «ወላሂ፣ ዓይኑ የሚጥል ፈረስ ዓይን አይደለም ብዬ ነበር። ሰው አላመነኝም» አለ። ሚስቱ ከውስጥ «መቼ አልክ? አንተማ ስትፈራው ነበር» አለችው። ሰው ሳቀ። ታደሰ ኮርቻውን መሬት አስቀመጠ። ከድር ራሱ ጋሪውን ፈታ፤ ኮርቻውን ጫነበት፤ ወጣበት። ዳማ እስከ ወንዙ ሄዶ በልኩ ረግጦ ተመለሰ። ከድር ልመልስልዎ ወይ ሲል በእምቢታ እጄን አወዛወዝኩ።

«ኮርቻው የእሱ ነው፤ ቁስሉን ሳታድን ግን እንዳትጭነው» አልኩት። 

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያ የኮምባይነር ሹፌር ከማሽኑ ላይ «አባ ዳማ!» አለኝ። ቀና አላልኩም። ቆሜ እጄን አነሳሁለት፤ ጣቶቼ ታዘዙኝ። ነገ ይታዘዙ አይታዘዙ አላውቅም።

ታደሰ በረቱን ሲጠርግ አገኘሁት።  ማታ ከእኔ ጋር ራት በላ። አልማዝ የገሰራውን ነገር ልታነሳ ስትል በእጄ ከለከልኳት።

የተናገርኩትን ገሰራ ተናግሬአለሁ። ልጄ ፈረሴን ስለመሸጡም፣ ስለ አንገቴም፣ ስለ ዳማም ከእንግዲህ ከአፌ ቃል አይወጣም። የሚጠይቀኝ ካለ ስለ ስንዴው ይጠይቀኝ።