ውሻሽ ወደ ኋላ መሮጡን አልተወም

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኔና እናትሽ ደህና ነን። የጣሪያውን ቀዳዳ ራሴ ደፍኜዋለሁ፤ እናትሽ ግን ባልዲውን ከሥሩ አላነሳችም።

ያስመረረኝ ውሻሽ ነው። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እንደ ልማዳችን ተራራውን ልወጣ ይዤው ሄድኩ። አጋማሹ ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ስንደርስ ዞሮ ቁልቁል ሮጠ። አንቺ ቅጠል ስትለቅሚ ወደ ኋላ ትቀሪ ስለነበር፣ እየተመለሰ የሚያመጣሽ እሱ ነበር።

«አንተ ደንቆሮ፣ ከኋላችን ማንም የለም! ሁለት ብቻ ነን!» ብዬ ጮኽኩበት። ሦስት ጊዜ ወረደ፤ ሦስት ጊዜ ብቻውን ተመለሰ። በመጨረሻ መንገዱ መሃል ቁጭ አለ። ጎተትኩት፤ እምቢ አለ። እኔ ሰው ለምኜ የማላውቀው ውሻ ለመንኩ! በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ሳልረግጥ ተመለስኩ።

እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጎሽ! በግትርነት የሚበልጥህ ተገኘ» አለችኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ክፉ አይይሽ። ውሻው አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ ተራራ የሚወጣ አይመስለኝም። የሚመጣው ዓመት ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ነይና፣ እባክሽ፣ ከፊት ከፊታችን ሂጂልን።

አባትሽ