አራት ገጽ ሰላምታ የላክሁላችሁ ሰውዬ ነኝ

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ
የደቡብ ዳርቻ ክለቦች ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንኳን ከሁዳዴ ጾም በሰላም ወጥተው ለፋሲካ ደረሱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ የዶሮው ቅመም ጨጓራዎን ሳይነካው፣ የማኅተምዎም ቀለም ሳይደርቅ ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። የእኛን ጉልበትና ጨጓራ ነገር ከታች በዝርዝር ስለማቀርበው እዚህ ላይ አላነሳውም።

ስሜ ዱጉማ ሮሪሳ ይባላል። ቃሊቲ የአንድ ፋብሪካ የበር ጥበቃና የወንዝ ማዶ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ስሆን፣ ባለፈው ጥር የማታ መሠረተ ትምህርቴን በሁለተኛነት አጠናቅቄያለሁ። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ጠጄ ናት፤ የፈተናው ዕለት መብራት ባይጠፋ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ እከራከራታለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ፣ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ግን በሰፈራችን የእኔ እጅ ያላረፈበት ወረቀት የለም። የዕድር ጥሪ የእኔ ነው፤ የጠፋ በግ ማስታወቂያ የእኔ ነው፤ አጥሩ ላይ ያለው «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው እንኳ በሦስት አንቀጽ የተጻፈው በእኔ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ። ሁዳዴ ሲጋመስ ክለባችን ምድቡን በአራት ነጥብ ይመራ ነበር። የቀረን ሦስት ጨዋታ ብቻ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ወደ ላይኛው ምድብ ያለፍን ያህል ይጨፍር ነበር፤ ጭፈራውን የጀመርኩት እኔ መሆኔን አልክድም። የሚመሩት ኮሚቴ ግን የውድድር ዘመኑን ቶሎ ለመዝጋት ካለው ትጋት የተነሳ አንዱን ጨዋታ ለቅዳም ሹር፣ ሁለተኛውን ለፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ የመጨረሻውን ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ መደበልን። ስለ ትጋታችሁ እናመሰግናለን፤ የፋሲካን ዕለት ራሱን ስለ ማራችሁንም እንዲሁ።

ሁለተኛ። ቅዳም ሹር ሜዳ የገቡት ልጆች ስቅለትን ሙሉ ቀን ሲሰግዱ የዋሉ ናቸው። በረኛችን አክፍሎት ይዞ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። አጥቂያችን ደግሞ ምን እንደ ተናዘዘ ባላውቅም፣ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ አድርገው ሦስት መቶ ስግደት ጨምረውበት፣ ጠዋት ከአልጋው የወረደው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ግንባራቸው ላይ ቄጤማ አስረው ሲገቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማሩ ነበሩ። በሰባኛው ደቂቃ አጥቂያችን ከግቡ ፊት ብቻውን ኳስ አገኘ፤ ሊመታ እግሩን ሲያነሳ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ፤ ዳኛው አውቆ የወደቀ መስሏቸው ቢጫ ካርድ ሰጡት። ሦስት መቶ አንደኛውን መስገዱ እንደሆነ ማን በነገራቸው። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ሦስተኛ። ሰኞ የተሰለፉት ደግሞ የሃምሳ አምስት ቀን ሽሮን በአንድ ቀን ሊያካክሱ የሞከሩ አሥራ አንድ ሆዶች ነበሩ። የቀኝ ተከላካያችን በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ሜዳውን ጥሎ ወደ መጸዳጃ ቤት የሮጠው ሩጫ በዕለቱ ከእኛ ወገን የታየ ብቸኛ ፈጣን እንቅስቃሴ ነበር፤ ደጋፊውም ብድግ ብሎ አጨብጭቦለታል። ሦስት ለዜሮ።

አራተኛው ቅሬታ እኔ ነኝ።

ኮሚቴዎ ከሆሳዕና ሁለት ሳምንት ቀድሞ «የቀን ለውጥ የሚፈልግ ክለብ እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያመልክት» ብሎ እንደነበር አውቃለሁ። አሰልጣኛችን ጌዲዮን በሁለት መስመር ጽፎ ሊጨርሰው ወረቀት አውጥቶ ነበር። ከእጁ የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ «ዋና ጸሐፊው በሕይወት እያለ አሰልጣኝ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ?» ብዬ ሰው ፊት አሳፈርኩት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ፋብሪካው በር ላይ ተቀምጬ፣ ጥሩንባ የሚነፋውን የጭነት መኪና ሁሉ «ቆይ አንዴ» እያልኩ አራት ገጽ ጻፍኩ። አንዱ ገጽ ስለ እርስዎ ጤና፣ አንዱ ስለ ቤተሰብዎ፣ አንዱ ለኮሚቴው አባላት በየስማቸው፣ የመጨረሻው ፋሲካውም መጪው ክረምትም መልካም እንዲሆን ነበር። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ እያለከለክሁ አስገባሁት።

መልሳችሁ በማግስቱ ደረሰ። ልምምድ አስቁሜ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ እያንዳንዷን ቃል ጠበቅ አድርጌ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፦ «ለላካችሁልን ልባዊ የበዓል ሰላምታ እያመሰገንን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።» አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲበርድ አምበላችን በቀለ «ጋሼ ዱጉማ፣ ታዲያ ጨዋታው መቼ ሆነ?» አለኝ። ከወንበሩ የወረድኩበትን ፍጥነት ለአጥቂያችን ባውሰው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በአራቱ ገጽ ውስጥ ስለ ቀን ለውጥ አንዲት ቃል አልነበረችም።

በሁለተኛነት ይከተለን የነበረው የሳሪሱ ቡድን ግን «በዓል ስለሆነ ሁለቱ ጨዋታዎች ይቀየሩልን» ብሎ አንድ መስመር ጻፈ አሉ። ሰላምታ የለው፣ ጤና ይስጥልኝ የለው፤ በእኛ የማታ ክፍል ቢሆን ከአሥር ሦስት አያገኝም። ተቀየረለት። ሁለቱንም ከሕማማት በፊት ተጫውቶ አሸነፈ፤ አሁን በሁለት ነጥብ ይበልጠናል።

አምስተኛ። እሁድ የምንገጥመው እነሱኑ ነው። ካሸነፍን እናልፋለን፤ ካላሸነፍን ቀረ። በቀለ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃውን ጨርሶ ከሰርቪስ እንደወረደ ወደ ልምምድ እየመጣ የጠበቃት ቀን ናት። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጉልበቴ አይችልም ብሎናል። ያው እሁድ ደግሞ ሠርጉ ነው። በሁዳዴ ሠርግ ስለማይደገስ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ዳግማይ ትንሣኤን ያዘ፤ ድንኳኑ ከጾሙ በፊት የተያዘ ነው፤ አራቱም ሚዜዎች የእኛው ተሰላፊዎች ናቸው። ሙሽሪት አለሚቱን ሄደን ብንለምናት «እኔ ሠርጌን አላዛውርም፤ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው የላችሁም እንዴ?» አለችን። ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ጌዲዮን ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ እሱ ባሰብኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አራት ገጽ ሰላምታዬን በትዕግሥት አንብበው፣ ያልጠየቅሁትን ባለመስጠት ሕግ ስላከበሩ፣ ለጨዋነቴም በማኅተም ምስክርነት ስለሰጡኝ፣ ምስጋናዬ ወደር የለውም። መጪውን ክረምት ጎርፍ ከቢሮዎ በር፣ እኔን የመሰለ ጸሐፊ ደግሞ ከኮሚቴዎ አጥር ያርቅልዎ።

ከላቀ አክብሮትና ከዝቅተኛ ነጥብ ጋር፣

ዱጉማ ሮሪሳ
(በብዕር ፈርሟል፤ አውራ ጣቱ ጡረታ ወጥቷል)

ግልባጭ፦
ለአሰልጣኝ ጌዲዮን፣ ከይቅርታ ጋር
ለሙሽሪት አለሚቱ
ለደጋፊዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ጠጄ አንብባው «ጥሩ ነው፤ ጥያቄው የታለ?» አለችኝ። ጥያቄው ይኸው፦ የእሁዱ ጨዋታ ወደሚቀጥለው ረቡዕ ይዛወርልን። የማይሆን ከሆነ ሙሽራውና አራቱ ሚዜዎች በሱፍና በክራቫት ይሰለፋሉና፣ ለአጃቢዎቹ መኪኖች ሜዳው ዳር ቦታ ያስለቅቁልን። የሠርጉን መጥሪያ ለእርስዎም አያይዤአለሁ። የጻፈችው ጠጄ ስለሆነች ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም አለበት።