ልምምድ ስላልነበረው ማክሰኞና ስለ ጋሽ ሰርዝ መገደል

የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መሥራችና መምህር የነበሩት ባልደረባችን፣ ከሚያነቡት የሚሰርዙት ስለሚበልጥ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ሰርዝ» የሚሏቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በማስተማሪያ ክፍላቸው በር ሥር በብረት ዘንግ ተደብድበው ተገድለዋል። የትምህርት ክፍሉ መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ንዴታችንም እንደዚያው።

የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በዚህ መግለጫ ላይ «ከደረጃ ወድቀው» የሚል ሐረግ እንድናስገባ፣ አለዚያ የትምህርት ክፍሉ ሊዘጋ እንደሚችል አሳስቦናል። የተገደሉበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም።

መምህራችን የትምህርት ክፍሉን በከፈቱበት ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች አንድ አግዳሚ ወንበር የሚበቃቸው ነበሩ። መካኒክ የሆኑ አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው፣ «ልጄን ውሸት አስተምራችሁ፣ ሥራ ፈት አድርጋችሁ ልትመልሱልኝ ነው?» ብለው ቢቆጧቸው፣ «ውሸቱንማ ከቤት ይዞት መጥቷል ጌታዬ፤ የሥራውን ነገር ለእኔ ይተዉት» ብለዋቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲመረቁ መምህራችን ቃላቸውን ጠበቁ። የልጆቹን ጽሑፍ በብብታቸው ሸጉጠው የሬዲዮ ጣቢያውን፣ የማስታወቂያ ድርጅቱን፣ የፊልም ሠሪውን ደጅ ጠኑ። ዛሬ የመካኒኩ ልጅ የሬዲዮ ድራማ ደራሲ ነው። የመድኃኒት መመሪያ ሰው በሚገባው ቋንቋ የምትጽፍም አለች።

በአምስተኛው ዓመት «የግርግር ልምምድ»ን አስጀመሩ። ሳይነገረን ተዋናዮች በሩን በርግደው ይገባሉ፤ ይጮኻሉ፤ ይደባደባሉ። እሳቸው «ተቀመጡ፤ ጻፉ» ይላሉ፤ ተማሪው ከወንበሩ ሳይነሣ ያየውን ይጽፋል። ልምምዱ የሚያበቃው እሳቸው «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲሉ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምረቃ በኋላ ስላለው ሥራ ልታወያየን የተጋበዘች ተመራቂያቸው መሐላችን ተቀምጣ ነበር። ጋዜጠኛ ናት። የቀለም ፋብሪካው ቃጠሎ ሠራተኞቹን የፈጃቸው በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ስለነበር መሆኑን የጻፈችው እሷ ናት። አራት ሰዎች ብረት ይዘው ገቡ። «የታለች ያቺ ጸሐፊ ነኝ ባይ?» አሉ። መልኳን አያውቁትም። መምህራችን ሄደው ፊታቸው ተገተሩና ወደ እኛ ሳይዞሩ፣ «ተቀመጡ፤ ጻፉ» አሉ።

ልምምድ መስሎን ሁላችንም አቀረቀርን። እሷም አቀረቀረች። ከዚያ ሁሉ ያቀረቀረ ራስ መሐል ማን ተማሪ፣ ማን ጋዜጠኛ እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ንዴታቸውን በመምህራችን ላይ ተወጡት። የመጀመሪያው ምት ትከሻቸውን ሰበረ፤ ሁለተኛው መንጋጋቸውን። ደማቸው ፊተኛው ረድፍ ድረስ ተረጨ። ከመሐላችን አንዱ «አቤት ትወና!» ብሎ አድንቋል። ብረቱ ጭንቅላታቸው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ግን የትወና አልነበረም። ያኔ እየጮኽን ተነሣን፤ ሰዎቹም ሸሹ። እጃችን ላይ ነው ትንፋሻቸው የቆመው።

እሳቸው እውነት መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ተዋናዮቹን የቀጠሯቸው ለሐሙስ ነው። አንዳችን ብንነሣ እንደምንመታ፣ እሷም እንደምትለይ ገብቷቸው፣ በለመድነው ቃል ወንበራችን ላይ አስቀሩን።

ተመራቂዋ በሕይወት አለች። የት እንዳለች አንናገርም።

ነርስ ለሆኑት ባለቤታቸው፣ «አባዬ» ብላ ላልጠገበች ልጃቸው፣ በየሥራው ለተበተኑት ተመራቂዎቻቸው፦ እግዜር ያጥናችሁ። ሞታቸውን አሳንሰን አንነግራችሁም፤ እናንተም ማንም እንዲያሳንስባችሁ አትፍቀዱ።

አስተዳደሩ ይህን መግለጫ መጻፍ እንድናቆም አዝዞናል። እስክሪብቶ አስቀምጡ የሚሉን ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሳይሉን ሄዱ።

የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል