የእትዬን ድምፅ ያጠፋሁበት ካሴት

ጥቅምት 4

የጎረቤት ሬዲዮ ጠገንኩ። ከሰዓት ልጄ መጣች። የታላቅ እህቴ የእትዬ ጉሮሮ በቀዶ ጥገና የሚከፈትበት ቀን ተቆርጧል፤ ጥቅምት 21። ሐኪሙ "ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖራትም" ብሏል። እንዲህ ቀጥ አድርጎ። የወንበር እግር የሚቆርጥ ነው የሚመስለው።

"አባዬ፣ ድምጿ ሳይጠፋ እንቅዳት። የልጅነታችሁን ሁሉ ታውራ። በስልኬ..."

በስልክ አልቀዳም አልኳት። የካሴት መቅጃ አለኝ። ከወዳደቀ ዕቃ በገዛ እጄ የሠራሁት፣ ማንም ሳያስተምረኝ።

"እሺ። ግን እሷ ስትናገር አንተ ዝም ትላለህ።"

እኔን! ከመቼ ወዲህ ነው ልጅ አባቱን ዝም በል የሚለው?

ጥቅምት 6

የመጀመሪያው ቀን፣ ሆስፒታል። እትዬ ሰውነቷ አልቋል፣ ድምጿ ሻክሯል። ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

"ምነው ይሄን ሣጥን አፌ ላይ ደቀንክብኝ? ፖሊስ ሆንክ?"

"ያደግንበት ቤት ሁለት መስኮት ነበረው" ብላ ጀመረች። አንድ ነው። ቴፑን አቆምኩ።

"አንድ ነው እትዬ።"

"ሁለት ነው።"

"አንድ!"

ወደ ኋላ መልሼ በላዩ ላይ እንደገና አስወራኋት። በሦስተኛው ደከማት። "እሺ አንድ ይሁን። ሌላውን አንተ ነቅለህ ወስደኸዋል" አለች። ያንንም አጠፋሁት። ቀልድ እንጂ መረጃ አይደለም።

ጥቅምት 9

እናታችን የሞተችው ማለዳ ነው አለች። ከሰዓት ነው። አጠፋሁ። የጎረቤታችንን ስም ተሳሳተች። አጠፋሁ። የተበላሸ ብየዳ ይነሳል፣ እንደገና ይበየዳል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንዲህ ነው። ለሰው ወሬ ሲሆን ሕጉ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

ልጄ በር ላይ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ትነቅንቅ።

ጥቅምት 12



"ባለመነጽሩን ታስታውሰዋለህ?" አለችኝ። የልጅነት ሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እንዴት አላስታውሰው? አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሱቁ መስኮት እያየሁ ሥራውን ለቀምኩ። ከሱቁ ጀርባ የጣለውን መበየጃ አንስቼ ጀመርኩ። ይህንን ለልጆቼም ለደንበኞቼም ስንቴ ነግሬያለሁ!

"አልጣለውም" አለች። "ዓመት ሙሉ ልብሱን አጠብኩለት። በመስኮት ስታይ እንዳያባርርህ ብዬ። መበየጃውንም እንዲያስቀምጥልህ የለመንኩት እኔ ነኝ። 'የወደቀ ያስመስሉለት፣ ልጁ ኩሩ ነው፣ ከሰው እጅ አይወስድም' አልኩት።"

"ውሸት!" አልኩ። የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ። እዚያው ፊቷ ወደ ኋላ መልሼ አጠፋሁት። ካሴቱ ሲሽከረከር ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቅምት 13

አልተናገረችም።

ጥቅምት 15

ለልጄ "ተኝታለች በይልኝ" ስትላት ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሜ! ዓይኗም እንደተገለጠ። እኔም እልኸኛ ነኝ። ወጣሁ።

ጥቅምት 17

መበየጃውን ከመሳቢያ አወጣሁት። እጀታው ተቃጥሏል፣ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቀይሬለታለሁ። ያገኘሁት ቀን ግን... ያን ቀን ገመዱ አዲስ ነበር። የጎማው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ማነው አዲስ ገመድ ያለው መበየጃ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚጥለው?

የሰው ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ብልሽቱን ወዲያው የማገኝ ሰውዬ ይህችን ነገር ስልሳ ዓመት አላየኋትም? አይቻለሁ እንጂ። ማየት ነው ያልፈለግሁት። ደደብ ሽማግሌ።

ነገ ቴፑን ይዤ እሄዳለሁ። እንደገና ትናገረው። ዝም እላለሁ።

ጥቅምት 18

አልጋዋ ባዶ ነው። ቀኑን አስቀድመውት ዛሬ በማለዳ ቀዶ ጥገና አስገብተዋታል።

"ቦታ ተገኘ፣ አባባ" አለኝ ሐኪሙ። ቦታ! እንደ አውቶቡስ።

ልጄ ላይ ጮህኩ። "አምስት ጊዜ ደወልኩ፣ አባዬ። መቼ ስልክ ታነሳለህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ጥቅምት 19

ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። "አንድ ነው።" "ከሰዓት ነው።" "እንደገና በይው።" ማነው ይሄ ሰውዬ? እትዬ ያልኳትን ብቻ እየደገመች ታወራለች፣ እንደተቀጣ ተማሪ። አንድ ቦታ ላይ ሳቋ አምልጦኝ ቀርቷል። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እሱን ብቻ ስመላልስ ዋልኩ።

ኅዳር 7

እትዬ ቤቷ ገባች። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ግንባሯን ቋጠረች።

"ዛሬ እኔ ላውራ፣ አንቺ አርሚኝ" አልኳት። "ልክ ከሆንኩ ጠረጴዛውን አንዴ ምቺ። ከተሳሳትኩ ሁለቴ።"

ቁልፉን ተጫንኩ።

"ቤታችን ሁለት መስኮት ነበረው።"

አንዴ። በደንብ አድርጋ ነው የመታችው። ዋጥኩት።

"ሙያዬን ራሴ ነው የተማርኩት ስል ኖሬያለሁ። እህቴ እኔን ብላ የባለመነጽሩን ልብስ ዓመት ሙሉ አጥባለች።"

ሁለቴ።

"ምን? አላጠብሽም?"

ሁለት ጣት አነሳችልኝ።

ሁለት ዓመት! ያን ዕለት እንኳ አሳንሳ ነው የነገረችኝ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።  እጄ ወደ ማቆሚያው ቁልፍ ሄደ። እትዬ እጄን መታችው። ሁለቴ።

ቴፑ ዞሮ ዞሮ አለቀ። የጠረጴዛው ምት አለበት፣ ዝምታው አለበት፣ እኔ አፍንጫዬን ስስብም አለበት።

አላጠፋሁትም።