ለሜሮን ያልተፈቀደችው ማልታ

ፍራንክፈርት፣ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1996

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ልጄ ሜሮን ለክፍሏ ስለ ማልታ ሬፈራት፣ የቃል ገለጻ፣ ላቅርብ ብላ ሰሞኑን ሁሉ ስታነብ ከረመች። ወንዝ የሌላት ትንሽ ደሴት ናት፤ የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት፣ ዐረቦች፣ ባለመስቀል ፈረሰኞች፣ በኋላም እንግሊዞች የገዟት። ቋንቋቸው የዐረብኛ ዘመድ መሆኑን ያነበበች ቀን ወጥ ቤት ድረስ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ እነሱም እንደኛ ራስ ይላሉ! ዓይንም ይላሉ!» አለችኝ በአማርኛ፤ ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ።

ትናንት አስተማሪዋ ማልታን ለሌላ ልጅ ሰጠችና «አንቺ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ንገሪን፤ ይቀልሻል» አለቻት።

ዛሬ ከፍሉግሃፈን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥራዬ፣ እንደወጣሁ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ «አገሯ አይደል? ታውቀዋለች» አለችኝ።

«ልጄ እዚሁ ነው የተወለደችው። ኢትዮጵያን አይታ አታውቅም፤ ማልታንም አላየችም። ሁለቱንም ያው ከመጽሐፍ ነው የምታነበው» አልኳት።

ሰዓቷን አየት አደረገች። ርዕሱ አንዴ ተሰጥቷል አለች፤ በቃ።

ቤት ስገባ ደግሞ ሜሮን ተቆጣች። «ለምን ሄድሽ? አሳፈርሽኝ!» ብላ የክፍሏን በር ዘጋችብኝ። አሁን ጮክ ብላ ስትለማመድ ይሰማኛል። የምትለማመደው ስለ ማልታ ነው። ነገ ክፍሉ ፊት ቆማ የቱን እንደምትናገር አልጠየቅኋትም። ስለ ማልታ ተናግራ መጥፎ ኖቴ፣ ዝቅተኛ ነጥብ፣ ብታመጣና ወላጅ ይፈርም ቢሏት ግን፣ ደስ ብሎኝ ነው የምፈርመው።