ከአባባ ጋር ጫካ ውስጥ የጠፋንበት ሐሙስ

ረቡዕ፣ ጥር 27፣ ገበዝ ማርያም

ከፍኖተ ሰላም እስከዚህ በመኪና መጣን፤ ነገ ግን በእግር ነው፤ አልቋል። አባባን ማሳመን አልቻልሁም። ተራራውን ዞሮ የሚሄድ መኪና አለ ብላቸው «እኔ መሪጌታ ቤት በመኪና ሄጄ አላውቅም» አሉ። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ጉባኤ ቤት ቅኔ የቆጠሩ ጓደኛሞች ናቸው። አባባ ኋላ አስተማሪ ሆነው ፍኖተ ሰላም ቀሩ፤ መሪጌታ ከተራራው ማዶ ያስተምራሉ። ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው።

እኔ ፈቃድ ወጥቼ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ጠግቤ ልተኛ ነበር። ይኸው ጫማ እየጠረግሁ ነው።

የምንይዘው፦ ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ዳቦ፣ የአባባ ስኳር ድንገት ከወረደ ከረሜላ፣ የስኳር መለኪያው፣ ጋቢ፣ ጃንጥላ።

«የሦስት ሰዓት መንገድ ነው» ይላሉ። አሁን ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በሦስት ሰዓት የሄዱት ስንት ዓመታቸው እያለ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ዓርብ፣ ጥር 29

ትናንት አልጻፍሁም። አሁን መሪጌታ ቤት ነን፤ ደህና ነን። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። አራት ሰዓት ገደማ አናቱ ላይ ስንደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። እርሳቸው የሚያውቁት ገላጣ ሜዳ ጫካ ሆኗል። ባሕር ዛፍ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም አንድ መልክ።

«እዚህ ላይ ትልቅ ኮሶ ነበር። ከኮሶው ወደ ግራ ነው» አሉ። ኮሶ የለም። በግምት ወደ ግራ ሄድን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጉቶ አየሁ። ቀደም ብለን ያረፍንበት ነው።

«አባባ፣ እዚህ ነበርን እኮ።»

«አልነበርንም።»

እዚያው የጣልነውን የጠርሙስ ክዳን አንስቼ አሳየኋቸው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። እንመለስ አልሁ፤ ግን መመለሻው በየት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከዚያ ማላብ ጀመሩ። ብርድ ነው፣ እርሳቸውን ያልባቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በእህቴ ስም ጠሩኝ። የስኳር መርፌያቸውን ጠዋት ተወግተዋል፤ ቁርስ ግን ሁለት ጉርሻ ብቻ ነበር የበሉት። ቦርሳውን ገለበጥሁት። ዳቦውና ከረሜላው ያሉበት ፌስታል የለም። ያደርንበት ክፍል፣ አልጋው ላይ ቀርቷል። የረሳሁት እኔ ነኝ።

አብሬያቸው ብቀመጥ የምሰጣቸው ነገር የለኝም። ትቻቸው ብሄድ መልሼ ላላገኛቸው እችላለሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ጋቢውን አልብሼ ከዛፍ አስደገፍኋቸው፤ ቀይ ሻሼን ከፍ አድርጌ ግንዱ ላይ አሰርሁ።

«ከዚህ እንዳይነሱ።»

«የት ልሄድ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

እየጮኽሁ ሄድሁ። መመለሻው እንዳይጠፋኝ በየአሥር እርምጃው የዛፍ ቅርፊት እልጣለሁ። ማንም አይመልስም። በመጨረሻ ጢስ ሸተተኝና ወደ ጢሱ ሮጥሁ።

ባልና ሚስት ከሰል እያከሰሉ ነበር። አያ ደሴና እትዬ ጥሩዬ ይባላሉ፤ ስማቸውን የጠየቅሁት ኋላ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «አባቴ... ስኳር... የሚጣፍጥ ነገር» ነው ያልሁት። እትዬ ጥሩዬ ምንም አልጠየቁኝ። በማር የታሸውን የምሳቸውን የበሶ ጭብጦ ከነጨርቁ ብድግ አድርገው «በየት በኩል ነው፣ እቴ?» አሉኝ።

ቅርፊት የተላጠውን እያየን ተመለስን። ቀይ ሻሼ ሲታየኝ አለቀስሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እትዬ ጥሩዬ ጭብጦውን በጣሳ ውሃ በጥብጠው አገጫቸውን ያዙ።

«አንቱ፣ ይችን ቅመሱ። አይ፣ መተኛት የለም! ቅመሱ እንጂ!»

በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። አባባ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ጣሳውን አዩ፤ ቀመስ አደረጉና፣

«ማር ማረኝ» አሉ።

አያ ደሴ ሳቁ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አባባ በቃላት መጫወት ከጀመሩ ተመልሰዋል ማለት ነው።

ኮሶው ከተቆረጠ ብዙ ጊዜው ነው አሉን። አያ ደሴ ከሰሉን ለሚስታቸው ትተው እስከ መሪጌታ በር አደረሱን። ከጠፋንበት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሆንም። ምሳቸውን ጨርሰንባቸው እንደዚያ መሆናቸው! ላመሰግን ስጀምር «ተይ እንጂ» ብለው ዞረው ሄዱ።

በሩ ላይ አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ስለ ስኳሩ ለመሪጌታ እንዳትነግሪብኝ» አሉኝ። ለመሪጌታ «መንገዱ አድክሟቸው ነው» አልሁ። ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

አባባ ጥሩ እንቅልፍ ተኙ። ቁርሳቸውን ሙሉውን በሉ፤ ቆሜ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ጠጅ ቀድተው «እንካ፣ ለአንተ ያቆየሁት ነው» አሏቸው። አባባ ብርሌውን ይዘው ቆዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ አስቀመጡት።

«ስኳር አለብኝ» አሉ። «ሐሙስ ዕለት ጫካው ውስጥ ልሞት ነበር። ይቺ ልጅና ከሰል አክሳዮቹ ናቸው ያተረፉኝ። ፈርቼ ነበር።»

አባባ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

መሪጌታ የራሳቸውንም ብርሌ ገፋ አደረጉት።

«እኔም አለብኝ። ሁለት ዓመቱ። ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ ብዬ መድኃኒቱን ተውሁት።»

ተያዩ። መጀመሪያ አባባ ናቸው የሳቁት፤ ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

መለኪያውን አውጥቼ ሁለቱንም ለካኋቸው። የአባባ ደህና ነው። የመሪጌታ የአባባን እጥፍ ነው። ሰኞ አብረውን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሊሄዱ «እሺ» ብለዋል። እሺታቸው እስከ ሰኞ ይቆይ እንደሆነ እንጃ፤ አባባ ግን «ካልመጣ ለተማሪዎቹ እነግርበታለሁ» እያሉ ነው።